የሶናሩ ሣጥን ሲከፈት

ጠያቂያችን ለጣና ሐይቅ የጥልቀት ልኬት የተገዛ ባለብዙ ጨረር ሶናር፣ ማለትም ድምፅ በብዙ አቅጣጫ ወደ ውኃው ልኮ ከሚመለሰው ማሚቶ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ፣ ባሕር ዳር እንደደረሰላቸው ገልጸው፣ ሣጥኑን ከፍተው መሣሪያውን ያለ ጉዳት እንዴት ማውጣት እንደሚችሉ ጠይቀዋል። በዚሁ ሐይቅ ላይ በተመሳሳይ መሣሪያ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ የደረሱት ጀልባው ገና ከዳር ሳይነሣ ነው።

ሣጥኑ በደረሰበት ቀን ባይከፈት ይሻላል። ሌሊቱን በብርድ ተጉዞ ሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ የተከፈተ መሣሪያ ላቡን ያወጣል፤ ስለዚህ እንደተዘጋ በክፍሉ ውስጥ ይደር። በጎኑ የተለጠፈው፣ ሣጥኑ በኃይል ሲመታ የሚቀላው የምት ምልክት ቀልቶ ከሆነ ፎቶ አንሥተው፣ የርክክቡን ሰነድ ከመፈረምዎ በፊት ይህንኑ ያስጽፉበት። ሣጥኑ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ታሽጎ የመጣ ከሆነ፣ እንደ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የውጭው የአየር ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ መቆለፊያዎቹን ከመንካትዎ አስቀድመው የአየር ማስተንፈሻውን ይፍቱ።

ድምፁን የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል፣ ማለትም ትራንስዱሰሩ፣ በውስጡ የሚሰባበር ሴራሚክ አለው። አካሉን በሁለት እጅ ደግፈው ያውጡት እንጂ በገመዱ አይጎትቱት። ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባችን ከጉድጓድ ባልዲ እንደሚያወጣ በገመዱ ስቦ አነሣው። በዕለቱ ምንም አልታየም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን በገመዱ ሥር ውኃ ገብቶ ስክሪኑ በሽንትር ተሞላ። ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥም አይገባም። ሲቆሽሽ ለስላሳ ሳሙናና ውኃ ይበቃዋል፤ ቤንዚንና አኳራጅ ሽፋኑን ይበላሉ። የጣት ቅባት እንኳ ቢቀርበት የአየር አረፋ ስለሚይዝ፣ ውኃ ከመንካቱ በፊት በሳሙና ማጠቡ ይጠቅማል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የምሰጠው ለገመዱ ማገናኛ ነው። የጎማ ቀለበቱን አውጥቼ በባዶ ጣቴ ዙሪያውን እዳስሰዋለሁ፤ አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ብትቀርበት ውኃ መግቢያ ያገኛል። ከዚያ ዐይን የማያየው፣ ጣት ብቻ የሚያውቀው ያህል የሲሊኮን ቅባት እቀባዋለሁ። ቫዝሊን አይሁን፤ ብዙ ዓይነት ጎማ ያሳብጣል። ማገናኛውን ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ይግፉት፤ መመሪያው ካልፈቀደም መሣሪያው ከውኃ ውጭ ድምፅ እንዲልክ አያድርጉ።

ሣጥኑንና ስፖንጁን አይጣሉ፤ ለጥገና ሲላክ የሚመለሰው በዚያው ነው። የእኛን ስፖንጅ ዘበኛችን ለትራስ ወስዶት ስንለማመጥ ሰንብተናል።

መሣሪያው ጀልባው ላይ ከታሰረ በኋላ የብረት ሳህን በተለካ ገመድ ከሥሩ 2 ከዚያም 5 ሜትር አውርደው ንባቡን ያመሳክሩ። በ20 ዲግሪ ሙቀት ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,482 ሜትር ያህል ይጓዛል። መሣሪያው ጥልቀቱን የሚያሰላበት የድምፅ ፍጥነት 1,500 ተብሎ ተሞልቶ ከመጣና ካልታረመ፣ 10 ሜትሩን 12 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝሞ ያነባል፤ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም ለማያልፍ ሐይቅ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም።