ስቶማ ይዞ ገላ መታጠብና ዋና፦ የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ

አድሚን፦ የዛሬው ርዕስ ስቶማ ይዞ ገላ መታጠብና ዋና ነው፤ ስቶማ ማለት ሰገራ ወይም ሽንት በሆድ ላይ እንዲወጣ በቀዶ ሕክምና የሚሠራ መውጫ ነው፣ የሚወጣውም ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይያዛል። መላሿ እንደተለመደው ሲስተር ናቸው፤ ለአዲስ ገቢዎች፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ስማችሁን ሳይሆን ሰፈራችሁን ጽፋችሁ ጠይቁ። የስቶማ ፎቶ እዚህ አትለጥፉ።

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስትጠይቁ ዓይነቱን ጻፉ፦ ከትልቁ አንጀት የወጣ ኮሎስቶሚ ነው፣ ከትንሹ የወጣ ኢሊዮስቶሚ ነው፣ ወይስ የሽንት፣ ማለትም ዩሮስቶሚ? ባለፈው ጊዜ ግማሹ ሰዓት ያለቀው እኔ «ምን ዓይነት?» እያልኩ ነው።

ከልደታ፦ ሲስተር፣ ስቶማ አለኝ። ስታጠብ ውሃ ወደ ውስጥ አይገባም ወይ?

ሲስተር፦ ዓይነቱ? እሺ፣ ይሄ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ልለፍህ። አይገባም። አንጀት የሚገፋው ወደ ውጭ ነው። ሻወር ሥር ብትቆም፣ በጆግ ብታፈስ፣ ገንዳ ብትገባ ውሃው ሆድህ ውስጥ አይሄድም። ሳሙናም ስቶማውን ቢነካው አይጎዳውም፤ በደንብ አለቅልቀው። የሻወሩን ኃይለኛ ግፊት ብቻ በቀጥታ አታነጣጥርበት፤ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደማል። ሲነካ ትንሽ ቢደማ አትደንግጥ። ቀለሙ ከቀይ ወደ ጥቁር ወይም ወደ ደፈረሰ ሐምራዊ ከተለወጠ ግን እኔን አትጠይቅ፣ ሆስፒታል ሂድ።

ከፒያሳ፦ ኮሎስቶሚ ነው፤ ከተሠራልኝ ሦስት ወር ሆኖኛል። ከረጢቱን አውልቄ ልታጠብ ወይስ ከነከረጢቱ? ቤታችን ሻወር የለም፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የምታጠበው በሳፋ ነው።

ሲስተር፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ሁለቱም ይቻላል። ፕሌቱ፣ ማለትም ከረጢቱን ቆዳ ላይ የሚይዘው ተለጣፊ ክፍል፣ የሚቀየርበት ቀን ከሆነ አውልቀሽ፣ ካልሆነ ከነከረጢቱ ታጠቢ።

አውልቀሽ ስትታጠቢ ሰዓት ምረጪ። ጠዋት፣ እህል ሳይቀመስ፣ አንጀት ጸጥ ይላል። ውሃው ሌሊት ከመጣ ጀሪካን ሙዪና ተኚ፤ ጠዋት ለብ አድርገሽ ትጠቀሚበታለሽ። ዕቃሽን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት አዘጋጂ፤ አዲሱን ፕሌት ቆርጠሽ፣ የቆሻሻ ፌስታሉን ከፍተሽ፣ ጨርቁን አጠገብሽ አድርገሽ። ራቁትሽን ቆመሽ መቀስ ስትፈልጊ ስቶማው ይጀምራል፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ፕሌቱን አትንጪው። በአንድ እጅሽ ቆዳውን ወደ ታች ተጫኚ፣ በሌላው ከላይ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ አላቂ። እንቢ ካለ ለብ ያለ ውሃ አፍሺበት። ሳሙናው ሽታም ቅባትም የሌለው ይሁን፤ ከሌለ ውሃ ብቻ በቂ ነው። ዴቶል አይሆንም፣ አልኮልም አይሆንም፣ የሕፃናት እርጥብ መጥረጊያም አይሆንም።

ከዚያ ማድረቅ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ እየነካካሽ አድርቂ፤ አትሺው። ደረቀ ብለሽ ስታስቢ የእጅሽን ጀርባ አስጠጊበት። ቀዝቀዝ ካለሽ ገና እርጥብ ነው፤ ጠብቂ። አዲሱን ፕሌት እስከዚያ በሁለት መዳፍሽ መሃል ይዘሽ አሙቂው። ከለጠፍሽው በኋላ ደግሞ መዳፍሽን ለጥቂት ደቂቃ ከላይ አኑሪበት፤ የኅዳር ጠዋት ብርድ ላይ ማጣበቂያው ያለ ሙቀት አይዝም። የፕሌቱ ቀዳዳ ከስቶማው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይስፋ። ስቶማ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየጠበበ ስለሚሄድ ሆስፒታል በሰጡሽ ልክ እስካሁን የምትቆርጪ ከሆነ እንደገና ለኪ። ቆዳ የሚቃጠለው በዚያ ክፍተት ነው።

እና ቫዝሊን የለም። ሎሽን የለም። ግሊሰሪን የለም።

ከካዛንቺስ፦ ሲስተር፣ ቆዳው ሲደርቅና ሲያሳክክ ግን ትንሽ ቫዝሊን ብንቀባስ?

ሲስተር፦ አሁን ምን አልኩ? ፕሌት የሚይዘው ደረቅና ቅባት ያልነካው ቆዳ ነው። ቅባት ካለ ማጣበቂያው ተንሳፍፎ ይቀራል፣ የሚወጣው በሥሩ ይገባል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ የቆሰለ ቆዳ ደግሞ ይረጥባል፣ የረጠበ ላይ ምንም አይጣበቅም። ከዚያ «ከረጢቱ ጥራት የለውም» ትላላችሁ። እግርሽን፣ እጅሽን፣ ፊትሽን ተቀቢ፤ ከእምብርትሽ አካባቢ ራቂ። ፕሌት ከመንካትሽ በፊትም እጅሽን ታጠቢ። ቅቤ ራሷ ላይ አድርጋ ፕሌት የቀየረች ሴት አውቃለሁ፤ ቤት እስክትደርስ አልቆየላትም።

ከሽሮ ሜዳ፦ እኔ የምጠቀመው ፌስታል ነው፤ በጨርቅ መቀነት አስሬ። ትክክለኛው ከረጢት አልተገኘልኝም። ኮሎስቶሚ ነው። እኔስ?

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ አታፍርበት፤ ብዙ ሰው እንዳንተ ነው። አንተ ከሁላችንም በላይ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለብህ፤ በወጣ ቁጥር በለብታ ውሃ፣ ከዚያ በደንብ አድርቅ። ቅባት የምፈቅደውም ለአንተ ብቻ ነው፤ የሚጣበቅ ነገር ስለሌለህ ዚንክ ኦክሳይድ ቆዳህን ይከላከልልሃል። መቀነቱ ስቶማውን አይጫን፣ ጨርቁ በየቀኑ ይታጠብ። ገንዳ ግን ትክክለኛው ከረጢት እስኪገኝ ይቆይ።

ከካዛንቺስ፦ ለሱ ሲሆን ይፈቀዳል ለኛ ሲሆን አይፈቀድም?

ሲስተር፦ ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ። አንብቢ።

ከጉለሌ፦ ኢሊዮስቶሚ ነኝ። እናቴ እንጦጦ ማርያም ጠበል ልትወስደኝ ትፈልጋለች፣ መጠመቅም መጠጣትም አለ። ምን ይሻላል?

ሲስተር፦ መጠመቁን ተጠመቅ። ከመግባትህ በፊት ከረጢቱን ባዶ አድርግ፣ ለሚያጠምቁት አባትም ቀድመህ በጆሯቸው ንገራቸው፤ ውሃውን በኃይል ሆድህ ላይ እንዳያወርዱት። ቅብዓ ቅዱሱና እምነቱ ግንባርህ ላይ ይሁን፤ ፕሌቱ የሚያርፍበት ቦታ አይነካ። ከጠበል ስትወጣ እርጥብ ልብስ ለብሰህ አትቆይ። ከከረጢቱ ኋላ ያለው ጨርቅ ውሃ ይዞ ይቀራል፤ በፎጣ ጨምቀህ አድርቀው።

ጉዳዩ መጠጣቱ ላይ ነው፤ ይሄን ኢሊዮስቶሚ ያላችሁ ሁሉ አንብቡ። ትልቁ አንጀት ሥራው ውሃና ጨው መልሶ መምጠጥ ነው። የእናንተ ያ ቀርቷል። በባዶ ሆድ ብዙ ውሃ ሲጠጣ፣ ጠበልም ሆነ የቧንቧ፣ ሰውነት ውስጥ አይቆይም፤ ጨውን ይዞ ይወጣል። ሰውዬው እየጠጣ ይደርቃል። ጥማት፣ ማዞር፣ የእግር ቁርጠት፣ የጠቆረና ያነሰ ሽንት ካያችሁ ያ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ጠጣ፣ ኦ አር ኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄቱን) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጠህ ያዝ። በቀን ከ1.5 ሊትር በላይ መውጣት ከጀመረ ጠበሉን አቁምና ሐኪም ዘንድ ሂድ። የታዘዘልህን መድኃኒትም እንዳታቋርጥ።

ከአራት ኪሎ፦ ይቅርታ ሲስተር፣ ጠበል እምነት ነው። እምነት ያለው ሰው ኦ አር ኤስ ይዞ አይሄድም።

ከሰንጋ ተራ፦ ወንድም፣ የኔ አጎት ጠበል ላይ ሰባት ቀን ጾሞ ጠጥቶ በአምቡላንስ ነው የመጣው። ኩላሊቱን ሊያጣ ነበር።

ከአራት ኪሎ፦ እሱ ሥርዓቱን ሳይጠብቅ ሄዶ ይሆናል።

ከሰንጋ ተራ፦ ሥርዓቱን አንተ ነህ የምታውቅለት?

ሲስተር፦ እኔም ሰንበቴ ያለኝ ሰው ነኝ። ጨው ኃጢአት ነው የሚል አባት እስካሁን አልገጠመኝም። ቀጣይ።

ከመርካቶ፦ ኮሎስቶሚ። ውዱእ ካደረግኩ በኋላ ከረጢቱ ውስጥ ቢወጣ ውዱኡ ይፈርሳል?

ሲስተር፦ ይሄን ኡስታዝ ጠይቅ። በኔ በኩል፣ ከሶላት በፊት ባዶ አድርገው፤ ውሃው ፕሌቱን አይጎዳውም።

ከአምባሳደር፦ ኮሎስቶሚ፣ ሁለት ክፍል ያለው ከረጢት ነው የምጠቀመው። ሐኪሜ ቁስሉ ድኗል፣ ዋና ይቻላል ብሎኛል። ሆቴል ገንዳ ልገባ ነው። ካፈሰሰስ ብዬ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ሲስተር፦ ሐኪምህን ጠይቀህ መምጣትህ ጥሩ ነው። ሌሎቻችሁ ያልጠየቃችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ቁስል ሳይድን ገንዳ የለም።

ቤትህ ሞክረው። ፕሌቱን በለጠፍክ በማግስቱ ሰፊ ሳፋ ሙላና ግማሽ ሰዓት ተቀመጥበት። ጠርዙ ካልተነሳ ገንዳም ውስጥ አይነሳም። በምትዋኝበት ዕለት ጠዋት ፕሌት አትቀይር፤ ከዋዜማው ማታ ቀይር፣ ሌሊቱን ሙሉ ይያዝ። ከመግባትህ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ብላ፣ ባዶ አድርግ፣ የሁለቱ ክፍል መጋጠሚያ ጥብቅ መሆኑን ዙሪያውን በጣትህ ዳስሰህ አረጋግጥ።

ከረጢቱ አናት አካባቢ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ማጣሪያ ናት፣ ውስጧ ከሰል አለ። ከረጠበች አየር አታስወጣም፣ ሽታም አትይዝም። ካርቶኑ ውስጥ ትንንሽ ስቲከሮች የሚመጡት ለሷ ነው። ሰው ሁሉ ምን እንደሆኑ ሳያውቅ ይጥላቸዋል! ስትገባ ለጥፍ፣ ወጥተህ ስትደርቅ አንሳ። አሁንም ካላመንክ የፕሌቱን ጠርዝ በአራቱም በኩል እንደ ፎቶ ፍሬም ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ክበበው። ክሎሪኑ ስቶማውን አይጎዳውም። ልብሱ ጠቆር ያለና ባለ አበባ ወይም ባለ መስመር ይሁን፤ ነጠላ ቀለም የከረጢቱን ቅርጽ ያሳያል። ወገቡ ከፍ ያለ ቁምጣ ሰፊ ከረጢት ይደብቃል።

ተቅማጥ ካለህ ግን የዚያን ቀን አትግባ። ይሄ ስቶማ ላለውም ለሌለውም ነው።

ከቦሌ፦ የሂልተን ገንዳ ግን የፍልውሃ ውሃ ነው አይደል? ሙቅ ነው። እሱስ?

ሲስተር፦ አዎ፣ ከፍልውሃ ነው። ሙቀት ማጣበቂያውን ያላላዋል፣ ስለዚህ ከቀዝቃዛ ገንዳ ባነሰ ጊዜ ውጡ፤ ፕሌቱንም ከወትሮው ቀድማችሁ ትቀይራላችሁ። ፍልውሃ ራሱ ሄዳችሁ የምትታጠቡም የግል ክፍል ያዙ፣ ውሃውን አቀዝቅዙት። ሳውናና ወይባ ላይ ከተቀመጣችሁ ግን ፕሌቱ እንደሚነሳ ቆጥራችሁ ግቡ።

ከአራት ኪሎ፦ አዲስ አበባ የተቆረቆረችውም እኮ በፍልውሃ ምክንያት ነው፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው።

ከሰንጋ ተራ፦ ምኒልክ ናቸው የቆረቆሩት።

ከአራት ኪሎ፦ ስሙን ያወጡት እቴጌዋ ናቸው! ቤት ያሠሩትም እሳቸው ናቸው።

ከሰንጋ ተራ፦ ያለ ንጉሡ ፈቃድ?

ሲስተር፦ ሁለታችሁም ውጭ ተገናኙና ተከራከሩ። ማንም ይቆርቁራት፣ ቫዝሊን ተቀብቶ ፍልውሃ የገባ ፕሌቱን እዚያው ትቶ ይመለሳል።

ከሜክሲኮ፦ ላንጋኖ ልንሄድ ነው። ኢሊዮስቶሚ። መዋኘት ይቻላል?

ሲስተር፦ ዓይነቱን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ይቻላል፤ ኦ አር ኤስ ያዝ፣ ፀሐዩ ያደርቅሃል። ትርፍ ከረጢቶችህን መኪና ውስጥ አትተዋቸው፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያበላሸዋል። ስትመለስ ከረጢቱ ይነፋል፤ ላንጋኖ ወደ 1,600 ሜትር፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውስጡ ያለው አየር ሽቅብ ስትወጣ ይሰፋል። መንገድ ላይ ቆመህ አስተንፍሰው። ሐዋሳና ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ግን ቢልሃርዝያ አለ፤ እዚያ አትግባ።

ከልደታ፦ ሲስተር፣ ውሃ በስቶማው ወደ ውስጥ ቢገባ ግን ምን እናደርጋለን?

ሲስተር፦ አይገባም። የመጀመሪያው ጥያቄ ያንተው ነበር።

ከሳሪስ፦ ከረጢቱ ስንት ነው? የት ይገኛል?

ሲስተር፦ ዋጋ አልናገርም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለነገ አይሠራም። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያሉ ፋርማሲዎችን ጠይቅ፤ ከመግዛትህ በፊት የስቶማህን ልክ ያዝ።

ከገነት ሆቴል አካባቢ፦ ዩሮስቶሚ ነው። ሽንቱ ስለማያቋርጥ አውልቄ ታጥቤ አላውቅም። ሁልጊዜ ከነከረጢቱ ነው፤ ቆዳዬ ቀልቷል።

ሲስተር፦ እንዳትፈሪ የኔ እናት። ሽንት ቢንጠባጠብ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ለመታጠብ ብለሽ እስኪቆም አትጠብቂ፣ አይቆምም። ጠዋት ከእንቅልፍሽ ስትነሺ፣ ሻይም ውሃም ሳትጠጪ፣ የሚወጣው ትንሽ ነው፤ ያኔ አውልቂና በደንብ ታጠቢ። ስታደርቂ ግን ዘዴ ያስፈልጋል። ንጹሕ የቁስል ጋዝ ጠቅልለሽ ስቶማው አናት ላይ በአንድ እጅሽ ያዢው፣ የሚወጣውን ይጠጣልሻል፤ በሌላው እጅሽ ዙሪያውን አድርቂ። ጋዙ ከረጠበ ቀይሪው። ጋዙን የምታነሺው ፕሌቱን በምታስቀምጪባት ቅጽበት ነው። መቅላቱ በሁለት ቅያሪ ካልቀነሰ ወይም ነጭ ሻካራ ነገር ስቶማው ዙሪያ ካየሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ልኩንም ላኪልኝ፣ ቀዳዳው ሰፍቶብሽ ይሆናል። እና ምንም አትቀቢ።