ጥያቄና መልስ፦ «ምዬ እተወዋለሁ፤ ተመልሼ እገባበታለሁ»

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ በዝተዋል፦ አልቆጣጠር ያለ የወሲብ ስሜት።

ደሴ ውስጥ የምክር አገልግሎት የምትሰጥ ባለሙያ ስለ አንድ ወጣት ደንበኛዋ ጽፋልኛለች። ሌሊቱን ፖርን ሲያይ ያድራል። ሥራ ያረፍዳል፤ ከእጮኛው ጋር ተጣልቷል። ንስሐ ገባ፣ ማለ፣ ስልኩን ሰበረ፤ ሳምንት አልቆየም። «ምን ልበለው?»

እህቴ፣ ንስሐው የእሱና የንስሐ አባቱ ነው። አንቺ ግን ሌላ መሐላ አትቀበዪው። መሐላው በፈረሰ ቁጥር እፍረቱ ይብሳል። እፍረቱ ከሰው ይነጥለዋል፤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ የሚያውቀው ማምለጫ ያው ስልኩ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ይህን እንደ ጤና ችግር አስፍሮታል። መለኪያው «ስንት ጊዜ?» የሚለው አይደለም። ሰውየው መቆጣጠር አቅቶት፣ ነገሩ 6 ወርና ከዚያ በላይ ዘልቆ፣ ኑሮውን ሲያናጋው ነው። «ኃጢአት ሠራሁ» የሚል ጭንቀት ብቻውን በሽታ አያሰኝም። ያንቺ ደንበኛ ግን ሥራውም እጮኝነቱም ተነክቷል።

ደብተር ይያዝ። ስሜቱ በተነሳበት ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ቀድሞ የሆነውን ይጻፍ። «ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ከበርጫ ተመልሻለሁ። ቀን አለቃዬ ሰድቦኛል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።» እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋገም ንዴቱን፣ ብቸኝነቱንና እንቅልፍ የነሳውን ጫት ራሱ ያያቸዋል። ከዚያ ስልኩ ሳሎን ይደር፤ በርጫውም ቢቀር ጥሩ ነው።

ስሜቱ ሲመጣ አይታገለው፣ አይታዘዘውም። ሰውነቱ ላይ የት እንደተሰማው ያስተውል። ይጨምራል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይበርዳል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ቢሮሽ ውስጥ በቀላል ነገር አለማምጂው፤ የሚያሳክከውን ቦታ ሳያክ ይቆይ። ቀጠሮ የሚቀረው ባገረሸበት ሳምንት ነው። ያን ሳምንት ደውይለት፤ አትቆጪው። ራሱን ስለማጥፋት ካነሳ ግን አንድ ቀን ሳታሳድሪ ወደ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ላኪው።

አንድ ባል ከወልዲያ፦ «ከባለቤቴ ጋር በሳምንት አምስት ጊዜ እንገናኛለን፤ በሽታ ነው?» ሁለታችሁም ወዳችሁት ከሆነ አይደለም።

አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ልጃቸውን ድረው ከዚህ ነገር ሊያወጡት አስበዋል። እናቴ፣ ትዳር ይህን አያድንም። የምትመጣው ልጅ የሰው ልጅ ናት፤ ለእርስዎ ልጅ መድኃኒት አይደለችም። መጀመሪያ እሱ ይታከም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ይውሰዱት።

የመጨረሻው ጠያቂ ከሐይቅ ነው። አባቱ የፓርኪንሰን (የሚያንቀጠቅጥ በሽታ) መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ጠባያቸው ተለወጠ። በዚህ ዕድሜያቸው ሴት ያሳድዳሉ፤ ቤተሰቡ «ጂን ነው» ብሏል።

ወንድሜ፣ ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪማቸው ጋ ሂድ። ከፓርኪንሰን መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል፣ እንዲህ ያለ ስሜት ያስነሳሉ። ቁማርና ያለ ልክ መግዛትም ያመጣሉ። ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ሐኪሙ ይቀንሰዋል ወይም ይቀይረዋል። ዱዓውን አድርጉ፤ የመድኃኒቱን ካርቶን ግን ይዛችሁ ሂዱ። አባትህ አፍረው ዝም ሊሉ ይችላሉ። አብረህ ግባና አንተ ተናገር።