የፈረንሳይ ጓሮ የሚበላሸው በኦክቶበር ነው

ፈረንሳይ አገር የምትኖሩ ወገኖች፣ በተለይ ከማዘጋጃ ቤት ወይም ከማኅበር ቁራጭ የአትክልት ቦታ የደረሳችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በየዓመቱ የማየው አንድ ነው። ኤፕሪል ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል ችግኝና የአፈር ከረጢት ተሸክሞ መሯሯጥ፣ ጁላይ ላይ በአረም መዋጥ፣ ኦገስት ላይ አገር ቤት መሄድ፣ ሴፕቴምበር ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ከዚያ "የፈረንጅ መሬት አያበቅልም" ይባላል። አፈሩማ ያበቅላል፤ አጠገባችሁ ያሉትን የሽማግሌውን መደብ አላያችሁትም? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። (ዓመቱም ወሩም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

1. ወረቀቱ

ማመልከቻው ለሰፈራችሁ ሜሪ (ማዘጋጃ ቤት) ወይም ለአትክልተኞች ማኅበር ይገባል፣ በትልልቅ ከተሞች ወረፋው ዓመታት ይፈጃል፣ ዓመታዊ ክፍያና የኃላፊነት ኢንሹራንስ አለው፤ አለቀ። ግን ይህን ስሙ፦ "የቤተሰብ አትክልት ቦታ" በሕግ ለራስና ለቤተሰብ ምግብ ብቻ ነው፣ ንግድ ክልክል ነው። ትርፉን ጎመን ለምግብ ቤት የምትሸጡ ሰዎች ቦታውን በገዛ እጃችሁ እያስነጠቃችሁ ነው።

2. ቦታው ከየት መጣ

ይህ መሬት የተገኘው በችሮታ እንዳይመስላችሁ። በ1896 የሰሜን ፈረንሳይዋ የአዝብሩክ የፓርላማ ተወካይና ቄስ አባ ጁል ለሚር የፋብሪካ ሠራተኛ ቤተሰቡን የሚመግብበት ቁራጭ መሬት እንዲኖረው ማኅበር አቋቋሙ። "የሠራተኛ አትክልት ቦታ" የሚባለው ስም በ1952 ሕግ "የቤተሰብ" ወደሚል ተለወጠ። በ2021 ደግሞ ፓሪስ ዳር ባለችው ኦበርቪልዬ ውስጥ ከቆዩት ቦታዎች የተወሰነው ለኦሎምፒክ መዋኛ ግንባታ በማሽን ተጠርጓል። የለማው እንኳ በክርክር አልተረፈም፤ ጦም ያደረውን ማን ይከራከርለታል?

3. ቀኑን አክብሩ

እኛ በሚካኤልና በጊዮርጊስ እንደምንቆጥረው የፈረንሳይ ገበሬም በቅዱሳን ይቆጥር ነበር። ሜይ 11፣ 12 እና 13 ማሜር፣ ፓንክራስና ሰርቬ ናቸው፤ "የበረዶ ቅዱሳን" ይሏቸዋል። በዛሬው ካላንደር ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም፣ በኤስቴል፣ በአሺልና በሮላንድ ተተክተዋል፤ ውርጩ ግን ስም መለወጡን አልሰማም። ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ዱባና ፎሶሊያ ከእነሱ በፊት ሜዳ ላይ አይወጡም። ማርሴይ ያላችሁ ትንሽ መቅደም ትችላላችሁ፣ አልዛስና ተራራማው አገር ያላችሁ ሌላ ሳምንት ጨምሩ።

ከፋሲካ በኋላ ያለችውን ጨረቃ "ቀይዋ ጨረቃ" ብለው ቡቃያ የምታቃጥል ያደርጓታል። ጥፋቱ የጨረቃ አይደለም። ጨረቃ ደምቃ የታየችው ሰማዩ ስለጠራ ነው፣ ሰማይ ሲጠራ ደግሞ ምድር የቀን ሙቀቷን ታጣለች። ስልካችሁ 3 ዲግሪ ቢል መሬት ላይ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል፤ ትንበያው የሚናገረው ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስላለው አየር ነውና። እንዲህ ባለ ማታ በካሬ ሜትር 30 ግራም በሚመዝነው ነጭ የብርድ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ጠዋት ግለጡ።

4. የእኛው ተክሎች

በርበሬ፦ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ ቤት ውስጥ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለበት ዝሩት። መስኮት ሥር ራዲያተር ላይ የተቀመጠ ችግኝ ብርሃን አጥሮት እንደ ክር ይረዝማል፤ ሙቀት ከብርሃን ሲበልጥ ይህ ይሆናል፣ ስለዚህ ከበቀለ በኋላ ብርዱን ትንሽ ያቅምስ። ሜይ መጨረሻ ላይ ወደ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ሥር ትከሉት። የሞንትረይ ገበሬዎች ኮክን በፓሪስ አቅራቢያ ያበሰሉት በዚሁ ዘዴ ነው፦ ቀን ሙቀት ጠጥቶ ሌሊት የሚመልስ በጂፕሰም የተለሰነ ግንብ፣ ቅርንጫፉም በቁራጭ ጨርቅና በምስማር ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ።

ጎመን፦ የሐበሻ ጎመን በፀደይ ሲዘራ ረጅሙ ቀንና ሙቀቱ ቶሎ ወደ አበባ ይገፉታል። ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ ዝሩት፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት አሳሱት፣ ውርጩ እስኪበረታ ቅጠል ትለቅማላችሁ። በደረቅ ወቅት እንደ ቁንጫ የምትዘል ትንሽ ጥንዚዛ ቅጠሉን ወንፊት ታደርገዋለች፤ ቀዳዳው ከ0.8 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ መረብ በዘራችሁበት ቀን አልብሱት፣ በኋላ ማልበስ ከእነ ጥንዚዛው መቆለፍ ነው።

በሶብላ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ይጠቁራል፣ አትቸኩሉበት። ጤና አዳም ብርዱን ይችላል፣ የማይችለው ውሃ የሚቋጥር አፈር ነው። ፀሐይ ላይ በባዶ እጅ አትቁረጡት፣ ጭማቂው ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቆስላል። ዘር ከአገር ቤት በሻንጣ ደብቃችሁ አታምጡ፤ ከዲሴምበር 2019 ወዲህ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚገባ ዘርም ሆነ ችግኝ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል።

መድኃኒት የምትሉትም ነገር አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለቤት አትክልተኛ ግላይፎሴትን ጨምሮ የኬሚካል ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መግዛትም፣ መርጨትም፣ ማስቀመጥም ክልክል ነው። የቦርዶ ድብልቅ በዚያ እገዳ ውስጥ አልገባም፤ መዳብና ኖራ ነው። የሜዶክ ወይን ገበሬዎች መንገደኛ ፍሬ እንዳይሰርቅባቸው በመንገድ ዳር ያለውን ይረጩት ነበር፣ ሚላርዴ የተባለው ሊቅ የተረጨው ከሻጋታ መዳኑን አይቶ በ1885 ለዓለም አሳወቀ። ይሁንና መዳብ አይበሰብስም፣ አፈር ውስጥ እየተከማቸ የመሬት ትል ይጎዳል። ቲማቲም በ60 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ከተተከለ፣ የታች ቅጠሉ ከተነሳ፣ ውሃም ቅጠሉ ላይ ሳይሆን እግሩ ላይ ከፈሰሰ፣ በጥቂት መርጨት ይታለፋል።

5. አፈሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህን ዘግይቼ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ብቆጣ ታገሡኝ።

የፈረንሳይ ጓሮ ለም ሆኖ አልተወለደም፣ ተሠርቶ ነው። ሕግ የተማረው ላ ኬንቲኒ ለሉዊ 14ኛ የቬርሳይን የንጉሥ ጓሮ ሲሠራ፣ ከ1678 እስከ 1683፣ የተሰጠው የሚሸት ረግረግ ነበር። ውሃውን አፈሰሰ፣ ከሳቶሪ ኮረብታ ጥሩ አፈር አስጋዘ፣ የቤተ መንግሥቱን የፈረስ ጋጣ ፋንድያ ከመረ፣ ከዚያ ማርች ላይ እንጆሪ ለንጉሡ አቀረበ። ዘጠኝ ሄክታር ገደማ የሆነው ያ ጓሮ ዛሬም ይታረሳል፣ ሄዳችሁ እዩት። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ አትክልተኞች ደግሞ የከተማዋን የጋሪ ፈረሶች ፋንድያ ሰበሰቡ፣ በሙቀቱ በክረምት ሰላጣ አወጡ፣ የበሰለው ፍግ ጥቁር አፈር ሆኖላቸው በዓመት ከአንድ መደብ ደጋግመው አመረቱ። መኪና መጥቶ ፈረስ ሲጠፋ የእነሱም ጥበብ አብሮ ተዳከመ።

እናንተስ? ቲማቲሙን ነቅላችሁ፣ መሬቱን በዶማ ገልብጣችሁ፣ እንደ ግቢ ጠርጋችሁ፣ ራቁቱን ለስድስት ወር ዝናብ ትታችሁ ትሄዳላችሁ። ንጹሕ ይመስላችኋል። የክረምቱ ዝናብ ናይትሮጅኑን ወደ ታች ያጥበዋል፣ በፓሪስ ዙሪያ ያለውን ደቃቅ አፈር ደግሞ ቀጥቅጦ እንደ ምጣድ ያደርገዋል። ኤፕሪል ላይ የዘራችሁት ካሮት ያን ቅርፊት መብሳት አቅቶት ይሞታል። ከዚያ በ50 ሊትር ከረጢት የተገዛ አፈር ታፈሳላችሁ፤ ከረጢቱ የአንድ ካሬ ሜትርን አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሸፍናል። ለ100 ካሬ ሜትር ስንት እንደምትከፍሉ አስሉት። ገንዘባችሁን ነው የምትቀብሩት!

ኦክቶበር ላይ የሚሠራው ይህ ነው። ያረጀውን ተክል ከአፈሩ ገጽ ላይ ቁረጡት፣ ሥሩን ተዉት፣ ይበስብስ። ካበጠ የጎመን ሥር በቀር፤ እሱን ነቅላችሁ ከቦታው አስወጡ፣ ኮምፖስት ውስጥም አይግባ። ያ የሥር እባጭ በሽታ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ አሲዳም አፈር ይወዳል፤ ኖራ ጨምሩ፣ እዚያ መደብ ላይ ጎመንም ሰናፍጭም ራዲሽም መልሳችሁ አትዝሩ። አረንጓዴ ማዳበሪያ ብለው ሰናፍጭ የሚሸጡላችሁ የጎመን ዘመድ መሆኑን አይነግሯችሁም። በሱ ፈንታ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ፋሴሊ የሚባለውን ተክል፣ ከዚያ በኋላ አጃና ጓያ መሰሉን ቬስ ቀላቅላችሁ ዝሩ፤ በፀደይ ሳያብብ ታጭዱታላችሁ፣ ከመትከላችሁ አራት ሳምንት በፊት።

በቀረው መደብ ላይ በካሬ ሜትር ሦስት ኪሎ ያህል የበሰለ ፍግ በትኑ፣ አትገልብጡ። በላዩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የደረቀ ቅጠል ጉዝጓዝ። የመንገድ ዳር የፕላታን ዛፍ ቅጠል ወፍራም ነው፣ ሣር ማጨጃ ማሽን አሳልፉበት፣ አለዚያ እንደ ቆዳ ተነባብሮ ይቀራል። ማርች መጨረሻ ላይ ከምትዘሩበት መስመር ጉዝጓዙን ግለጡ፣ መሬቱ ፀሐይ ይሙቅ፤ ሳይገለጥ ከዘራችሁ አፈሩ ቀዝቅዞ ይቆያል፣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣም ቡቃያውን ይጨርሰዋል። አፈሩን ማላላት ካስፈለገ ግሬሊኔትን ተጠቀሙ፤ የሳቫዋው አንድሬ ግሬሊን የፈጠረው ባለ ሁለት እጀታ ጥርሳም መሣሪያ ነው፣ ያናጋል እንጂ አይገለብጥም። ጭቃ ሲሆን ግን ምንም አትንኩ።

ኮምፖስቱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካልሆነ አይሞቅም። አንድ ባልዲ የወጥ ቤት ልጣጭ ስትጨምሩ አንድ ወይም ሁለት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀደደ ካርቶን ጨምሩ። ልጣጭ ብቻ ከሆነ ይገማል፣ ቅጠል ብቻ ከሆነ ዓመት ሙሉ እንዳለ ይቀመጣል። ስትጨምቁት እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ጠብ የማይል እርጥበት ይኑረው። የቡና አተላ መልካም ነው፣ ቀላቅሉት፤ በአንድ ቦታ ከተቆለለ ይጋገራል። የተረፈ ወጥና እንጀራ አይግባ፣ አይጥ ይጠራል። አረሙን ሰብስቦ ማቃጠል የሚባለውንም ተዉት፣ ቅጣቱ እስከ 750 ዩሮ ይደርሳል።

ፋንድያ ከፈረስ ግልቢያ ክበቦች ብዙ ጊዜ በነፃ ይገኛል። ቢያንስ ስድስት ወር ይብሰል። ከዚያ በፊት ፈትኑት፣ ምክንያቱም ፈረሱ የበላው ድርቆሽ ላይ የተረጨ ፀረ አረም በሆዱ አልፎ ቲማቲማችሁን ሊገድል ይችላል። ሁለት ማሰሮ አፈር ውሰዱ፣ አንዱን ከፋንድያው ጋር ቀላቅሉ፣ ሁለቱም ላይ ባቄላ ዝሩ። በሦስት ሳምንት የተቀላቀለው ቅጠል እንደ ማንኪያ ከተጠቀለለ ፋንድያውን መልሱ።

ቅጠሉን ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ አላየሁም። ኖቬምበር ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች በከረጢት ሞልተው መንገድ ዳር ያቆሙታል። መኪናው ሳይመጣ "ቦንዡር" ብላችሁ ጠይቋቸው፣ የታመመ ዛፍ ሥር ያልተለቀመ፣ ቆሻሻም ያልተቀላቀለበት መሆኑን እዩ፣ አምስት ስድስት ከረጢት ይዛችሁ ግቡ።