በውክልና የሚሸጥ ቪትዝ ልግዛ ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አግኝተሻል። ሻጩ መኪናውን የያዘው በውክልና ነው፤ ሊብሬው፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተሩ፣ በሌላ ሰው ስም ነው። ዋጋው ከሌሎቹ በ150 ሺህ ብር ይቀንሳል። ደላላው ደግሞ «ሊብሬው ንጹህ ነው፣ ስሙን ቀስ ብለሽ ታዞሪዋለሽ» ብሎሻል። በዚህ መልክ አትግዢው። ሌሎች ስለ ነዳጅና ስለ መለዋወጫ ብዙ ጽፈውልሻል። የቪትዝ ዕቃ የትም አለ፣ መካኒኩም ሁሉ ያውቀዋል። ሰው የሚያስለቅሰው ወረቀቱ ነው።

1. መኪናውን ጠዋት፣ ሳይነሳ እይው። «ሞተር እንዳታስነሱ» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ስትደርሺ መጀመሪያ ኮፋኖውን በእጅሽ ዳሰስ አድርጊው። ከሞቀ አሙቀው ነው የጠበቁሽ። ያረጀ ሞተር ጭሱንም ጩኸቱንም የሚያሳየው በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው። ከዚያ መስታወቶቹን አንድ በአንድ እያነበብሽ መኪናውን ዙሪው። ጥጋቸው ላይ የፋብሪካው ምልክትና ትንንሽ ጽሑፍ አለ። ሌሎቹ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ብቻ ከተለየ ለምን እንደተቀየረ ጠይቂ። በዚያ በኩል ያለውን በርም አንኳኪው፣ ስቱኮ የለበሰ ቆርቆሮ ድምፁ ድፍን ነው።

2. መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መሆኑን ለዪ። የዝናብ መጥረጊያውን አሠሪው። የዞረ መኪና ላይ መጥረጊያው ብዙ ጊዜ እንደ ድሮው ይቀራል። ስለዚህ በሾፌሩ በኩል ጥጉ ሳይጠረግ ይቀራል። ሐምሌ ላይ ስትነጂው ይገባሻል።

3. ሊብሬ አይተሽ አትመኚ፣ መንገድ ትራንስፖርት ያለውን የመኪናውን ፋይል እይ። ይሄኛውን በደንብ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የራሴን ቪትዝ ስገዛ ያየሁት ነው።

የሸጡልኝ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። መኪናዋ ንጹህ፣ ሊብሬዋ በስማቸው፣ ባለቤታቸውም ለመፈረም ዝግጁ። ጋሼ የገዟት በባንክ ብድር ነበር፣ ብድሩንም ጨርሰዋል። የመጨረሻውን ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ደላላው «ሙሉውን ክፈልና ቁልፍህን ተቀበል» አለኝ። እምቢ አልኩ። ቀብድ ሰጥቼ፣ ቀሪው የሚከፈለው ስም በተዛወረ ቀን ነው ብዬ ውሉ ላይ አስጻፍኩ። ደላላው እሳት ለበሰ። «እንዲህ ያሉ ሽማግሌ አታምንም እንዴ?» አለኝ፣ እሳቸው እየሰሙ። በጣም አፈርኩ፣ ብሩን ግን አላወጣሁም።

ፋይሉ ያለበት ቅርንጫፍ ስንሄድ «እገዳ አለበት» ተባልን። ባንኩ ለብድሩ ያሳገደው እስከዚያ ቀን አልተነሳም። ባንኩ ጋ ስንሄድ «የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ልከናል» አሉን። ስንመለስ «አልደረሰንም» ተባልን። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው «ልጄ» ሲሏት ስልኳን እየነካካች «ነገ ኑ» አለች። በነጋታው ፋይሉ የለም። ሌላ ቀን ፋይሉ ተገኘ፣ ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ዕዳውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የከፈለ ሰው በስተርጅና በየመስኮቱ ይለምናል?

በኋላ ክርክሩን ተውኩት። ባንኩ መዝገብ ቤት ገብቼ የደብዳቤውን ወጪ ቁጥርና ቀን አስፈለግኩ። ግልባጩን በማህተም አስወጣሁ። ራሴ ወስጄ ገቢ አስደረግኩት፣ በእጄ በቀረው ኮፒ ላይም የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመታሁ። ከዚያ ወዲያ «አልደረሰንም» የሚል ጠፋ። እገዳው ተነሳ፣ ስሙ ዞረ፣ የጋሼን ቀሪ ብር የዚያኑ ዕለት አስገባሁላቸው። አሁን ሰፈራችን ውስጥ መኪና የሚገዛ ሁሉ ፋይል ሊያይ ሲሄድ እኔን ይዞ ነው የሚሄደው፣ እኔም ደስ እያለኝ እሄዳለሁ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ የሆነው ባለቤቱ አጠገቤ ቆመው ነው። አንቺን የሚያነጋግርሽ ሰው ግን ባለቤቱ አይደለም። ወካዩ ውክልናውን በማንኛውም ቀን መሻር ይችላል፣ ከሞተም ውክልናው አብሮት ይሞታል። ጎረቤታችን በውክልና የገዛውን መኪና የራሴ ነው ብሎ ዓመታት ነዳው፣ ጎማውንም ሞተሩንም አሳደሰ። ባለ ሊብሬው ሲያርፉ ልጆቻቸው የወራሽነት ማስረጃ ይዘው መጡ። ተለማምጦ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ለገዛ መኪናው ሁለተኛ ከፈለ። ሌላም አለ። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልና ሚስት ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ ምንም አይደለም፣ መኪና ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። አንቺ ያየሽው ውክልና ላይ የሚስት ፊርማ አለ? ሻጩ ለሌላ ሰው ውክልና የመስጠት ሥልጣንስ አለው?

መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል። አዲስ የሚገባ ስለሌለ፣ ገበያው ላይ ያለው ቪትዝ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ያው አሮጌው ነው። በዞረ ቁጥር አንድ ስም ሳይዛወር ይቀራል። 150 ሺህ ብር የቀነሱልሽ ለዚህ ይመስለኛል።

ኤሌክትሪክ ግዢ ያሉሽም አሉ። ግቢ ካለሽ አልቃወምም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆንሽ ግን የት እንደምትሞዪው መጀመሪያ አስቢ።

ይቺን ቪትዝ በጣም ከወደድሻት ነገ ደላላውን የባለ ሊብሬውን ስልክ ጠይቂው። ባለ ሊብሬው ከነሚስቱ ውልና ማስረጃ ቀርበው ከፈረሙ፣ ፋይሉም ከእገዳና ከዕዳ ነፃ ከሆነ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር ከገጠመ ቀብድ ስጪ። ቀብድ መሆኑን በጽሑፍ አስቀምጪ፤ ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውል ያፈረሰ እጥፍ ይመልስ ነው የሚለው፣ አንቺ ካፈረስሽ ደግሞ ይቀርብሻል። ስልኩን አልሰጥም ካለሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ሊብሬው በሻጩ ስም የሆነ ቪትዝ አብረን እንፈልጋለን።