«ሲኤ 125 ከፍ ብሏል አሉኝ»፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ሴቶች ካንሰር የደም ምርመራዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ሲኤ 125 ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም እላለሁ። ሲኤ 125 በኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ጊዜ ደም ውስጥ ሊጨምር የሚችል ፕሮቲን ነው።

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው። የወር አበባ ሕመም አላስቀምጥ ብሎኝ ሄጄ ሲኤ 125 አዘዙልኝ፤ 68 መጣ። ወረቀቱ ከ35 በታች ነው ጤናማው ይላል። ካንሰር ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ይህ ቁጥር ብቻውን ካንሰር አለ አያሰኝም። በወር አበባሽ ሰሞን ደም ሰጥተሽ ከሆነ በዚያ ብቻ ሊጨምር ይችላል። እርግዝና፣ ማዮማ፣ የጉበት ሕመምም ከፍ ያደርጉታል። በአንቺ ዕድሜ፣ በዚህ ዓይነት ሕመም፣ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ኢንዶሜትሪዮሲስን ነው፤ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ ማለት ነው። አልትራሳውንድ ተነሺና ውጤቱን ይዘሽ የማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ።

ጥያቄ፦ እናቴ 55 ዓመቷ ነው። ሆዷ ውሃ ቋጠረ፣ ከሳች። ሲኤ 125 ከ600 በላይ ነው። ናሙና ሳይወሰድ «የኦቫሪ ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል» አሉን።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሳነብ ልቤ ተነካ። ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በዕድሜያቸው በቁም ነገር የሚታይ ነው። ግን የሆድ ቲቢም ልክ እንዲህ ይመጣል፦ ውሃ፣ ክሳት፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሲኤ 125። ቲቢ ደግሞ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፤ በመድኃኒትም ይድናል። ሁለቱን ቁጥሩ አይለያቸውም። ከሆዳቸው ውሃ ተቀድቶ ይመርመር፣ ሲቲ ስካን ይነሱ፣ ናሙና ይወሰድ። ይህ እስኪሆን ተስፋ አትቁረጡ፤ ቀንም አታባክኑ።

ጥያቄ፦ ለኦቫሪ ካንሰር ኬሞ ጨርሻለሁ። ከ900 ወደ 14 ወርዷል። በየወሩ ልለካ?

መልስ፦ እሰይ! ሲኤ 125 ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ነው፤ ሕክምናው መሥራቱን ያሳያል። በየወሩ መለካቱን ግን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። በ2010 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ከ500 በላይ ሴቶችን ተከታትሏል። ቁጥሩ እንደጨመረ ኬሞ የጀመሩትና ምልክት እስኪመጣ የጠበቁት የኖሩት ዕድሜ ተመሳሳይ ነበር። ቀድመው የጀመሩት ያተረፉት ብዙ ኬሞ ብቻ ነው። ሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ አዲስ ሕመም ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ ጤነኛ ነኝ። ለጥንቃቄ በየዓመቱ ላሠራው?

መልስ፦ አልመክርም። እንግሊዝ አገር ከ200,000 በላይ ሴቶች ላይ ተሞክሮ፣ በ2021 የወጣው ውጤት በበሽታው የሚሞቱትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። እናትሽ ወይም እህትሽ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር ይዟቸው ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ብራካ ስለሚባለው የዘረመል ምርመራ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሞላር እርግዝና (በፅንስ ፈንታ የእንግዴ ልጅ ሥጋ ያለ ልክ የሚያድግበት) ተጠርጎልኛል። የእርግዝና ሆርሞን በየሳምንቱ ለኩኝ፤ አሁን ጠፍቷል። ክትትሉን ላቁም?

መልስ፦ እባክሽ አታቁሚ። ሐኪምሽ ጨርሰሻል እስኪልሽ ተመላለሺ፤ እስከዚያም እርግዝና ተከላከይ። ካረገዝሽ ያው ሆርሞን ስለሚጨምር በሽታው ተመልሶ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ወደ ካንሰር ቢለወጥ እንኳ በጊዜ ከተደረሰበት በኬሞ በአብዛኛው ይድናል። ለማርከር (በደም ለሚለካ የካንሰር ጠቋሚ) ውለታ ካለብን ለዚህኛው ነው።

ጥያቄ፦ የማህፀን በር ካንሰርንስ በደም ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ከማህፀን በር በሚወሰድ ናሙና የኤችፒቪ ቫይረስ ይመረመራል፤ ወይም አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በዓይን ይታያል። ደምሽ ደህና ነው ከተባልሽ፣ ማህፀን በርሽ ገና አልታየም።