ጥርስ ሲወልቅ እጅ እንዳይፈራ

ኮምቦልቻ ሥራ የጀመረችው ዶክተራችን ጥያቄ ይኼ ነው፦ «መንቀልና መሙላት አይከብደኝም። ወድቆ ጥርሱ የወለቀ ልጅ ሲመጣ ግን ድንግጥ እላለሁ። ምን ሥልጠና ልፈልግ?»

እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እዚህ ደሴ የማያቸው ጀማሪዎችም ንባቡ አላቸው። ቋሚ ጥርስ ወደ ቦታው እንደሚመለስ፣ የወተት ጥርስ ግን እንደማይመለስ ጠይቂያቸው፣ ይነግሩሻል። የሚጎድለው የእጅ ልምድ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ በየቀኑ ይመጣል። የወለቀ ጥርስ ቀጠሮ የለውም፤ ተማሪው ተረኛ ባልሆነበት ቀን መጥቶ ያመልጠዋል።

ስለዚህ ሰርተፍኬት ከሚያድል የአዳራሽ ሥልጠና በፊት ስፕሊንት ማሰር ተለማመጂ፤ የተመለሰውን ጥርስ ከጎረቤቶቹ ጋር አያይዞ የሚይዘው ማሰሪያ ማለት ነው። ከሥጋ ቤት የበግ መንጋጋ ግዢ። የታችኛውን ነው ታዲያ፤ በግ ላይኛው ላይ የፊት ጥርስ የለውም። አንዱን ንቀይና መልሺው፤ ከዚያ ከግራ ቀኙ ጋር በኮምፖዚት (በጥርስ መሙያው) እና በቀጭን ሽቦ እሰሪው። ሽቦው ከ0.4 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ጀማሪ «ጠበቅ ካደረግኩት ይሻላል» ብሎ ወፍራም ሽቦ ይጭናል። አይሻልም። ጥርሱ ትንሽ መነቃነቅ አለበት፤ ድርቅ ብሎ ከታሰረ ሥሩ ከአጥንቱ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ሽቦ ከጠፋ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ናይለንም ይሠራል፤ ሐይቅም ሩቅ አይደለም። ኮምፖዚቱን ከድድ አርቂው። ማንሳቱንም ተለማመጂ፣ ኢናሜሉን (የጥርሱን የላይ ሽፋን) የሚቧጭሩት ብዙዎች ናቸው።

ሌላው ጊዜ ነው። ሥሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ከ60 ደቂቃ በላይ በደረቁ ከቆዩ አይተርፉም። ከኩታበር ወይም ከሐርቡ ጥርሱን በሶፍት ጠቅልሎ የሚመጣ ወላጅ ዕድሉን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ስልክ የምታነሳውን ረዳትሽን አሠልጥኚያት። «ሥሩን አትንኩ፣ ነጩን በኩል ይዛችሁ መልሱት፤ ካልቻላችሁ ወተት ውስጥ ከታችሁ ኑ» ትበላቸው። የወተት ጥርስ አለመሆኑን ግን መጀመሪያ ዕድሜውን ትጠይቅ። ይኼን እኔ ከማንኛውም ኮርስ አስበልጠዋለሁ። ዘግይቶ ቢመጣም ጥርሱን አትጣዪው። ብዙ ባይቆይ እንኳ ልጁ እስኪያድግ አጥንቱን ያቆይለታል።

ባጃጅ ተገልብጦ ከሆነ ደግሞ ከጥርሱ በፊት ራሱን ስቶ እንደነበረ፣ አስታውኮት እንደሆነ ጠይቂ። የቴታነስ ክትባቱንም እንዲሁ።

የወለቀ ጥርስ ስፕሊንት በ2 ሳምንት ይነሳል። የሥሩ ጫፍ የተዘጋ ከሆነ የሥር ሕክምናው (ነርቩን አውጥቶ ሥሩን መሙላት) እስከዚያው ይጀመራል። ያልተዘጋ ከሆነ አትቸኩዪ፤ ነርቩ ሊያገግም ስለሚችል በቅርብ ተከታተዪው። ከዚያ ቢያንስ 5 ዓመት ክትትል አለ። እኛ ዘንድ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ ካለፈ ማን ይመለሳል? የእናትም የአባትም ስልክ ያዢና ራስሽ ደውዪ።

ኬዝ ሲገጥምሽ ራጁን እዚሁ ላኪልን፣ የልጁን ስም ሸፍነሽ።