የዎሪኩ ኧርል ሪቻርድ ቢቻም ማን ነው? ርስቱስ ለምን ለትንሿ ልጅ ባል ደረሰ?

ሰላም እህቴ። ልጆችሽን ይዘሽ ዎሪክ ካስል ልትሄጂ ነው፤ ጥያቄሽም ሁለት ነው። ሪቻርድ ቢቻም የሚባለው ኧርል (ኧርል የእንግሊዝ ባላባት ማዕረግ ነው) «ንጉሥ አንጋሹ» የሚሉት ሰውዬ ነው ወይ? ካልሆነስ ትልልቅ ሴት ልጆች እያሉት ማዕረጉ እንዴት ለትንሿ ባል ሄደ? እኔ ኮቨንትሪ ነው የምኖረው። እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር የምወስደው ወደ ዎሪክ ስለሆነ ይህን ጥያቄ መኪና ውስጥ ስመልስ ኖሬያለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ለመጀመሪያው መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። ንጉሥ አንጋሹ ሪቻርድ ኔቪል የቢቻም የልጁ ባል ነው። ሰው የሚምታታበት ሪቻርድ ስለበዛ ነው። አማቹ ሪቻርድ፣ የልጅ ልጁን ያገባው ሪቻርድ፣ የሁለተኛ ሚስቱ የፊት ባል ደግሞ ስሙ ከነአባት ስሙ ያው «ሪቻርድ ቢቻም»! ስለዚህ የዘር ሐረጉን በአባት በኩል ለመሳል አትድከሚ። ወረቀት አውጪና በእናቶች በኩል ጀምሪው፤ ሁለት ሚስቶች፣ ከፊተኛዋ ሦስት ሴት ልጆች፣ ከኋለኛዋ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። የሁለተኛ ጥያቄሽ መልስ እዚያው ወረቀት ላይ ይወጣል።

ሰውየው በጥር 1382 ዉስተርሺር ውስጥ ሳልዋርፕ በሚባል ቦታ ተወለደ። ክርስትና ያነሳው ንጉሡ፣ ዳግማዊ ሪቻርድ ነበር። ይኸው የክርስትና አባት በ1397 የልጁን ወላጅ አባት በክህደት አስፈርዶ፣ ርስቱን ወስዶ፣ «ማን» ወደምትባል ደሴት አጋዘው። ቤተሰቡ ያለውን ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ሄንሪ አራተኛ ዙፋኑን ሲቀማ ነው። አባትየው በ1401 ሲሞት ሪቻርድ በ19 ዓመቱ ኧርል ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ከላንካስተር ነገሥታት (ከሄንሪ አራተኛና ከዘሩ) ጎን ያልተለየው ይህን በልጅነቱ ስላየ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው የተለመደ የጦረኛ ታሪክ ነው፤ በ1403 ሽሩስበሪ ላይ፣ ዌልስ ውስጥ ከዓመፀኞቹ መሪ ከግሊንዱር ጋር ሲዋጋ፣ ኋላ ኖርማንዲ ውስጥ ከሄንሪ አምስተኛ ጎን ተሰልፎ። በ1408 ኢየሩሳሌም ተሳልሞ በሊትዌንያ፣ በፖላንድና በጀርመን በኩል ዞሮ መጥቷል። (በዚያ ጊዜ የእኛ መነኮሳት ኢየሩሳሌም ነበሩ። አንዱን አይቶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ማስረጃ ግን የለኝም።)

ልጆችሽ የሚወዱት ግን ሞግዚትነቱን ነው። ሄንሪ አምስተኛ ሲሞት ወራሹ ጨቅላ ነበር። በ1428 ቢቻም የስድስት ዓመቱ ንጉሥ የሄንሪ ስድስተኛ አሳዳጊ ሆነ፤ ፊደል ማስቆጠሩም፣ ሥነ ምግባሩም፣ ሲያጠፋ መቅጣቱም የእሱ ሥራ ነው። በ1432 መጨረሻ ልጁ 11 ሊሞላው ሲል ቢቻም ለመማክርቱ ቃል አቀረበ። ልጁ በዕድሜና በቁመት እያደገ ነው፣ ንጉሥነቱንም እያወቀው ነው፣ ቅጣት እያስመረረው ነው፤ ስለዚህ ነገ ዞሮ ቂም ቢይዝብኝ ከኋላዬ ትቆማላችሁ ወይ? አላቸው። እንቆማለን አሉት። ንጉሥን መግረፍ እንዲህ በጽሑፍ ዋስትና የሚጠየቅበት ሥራ ነበር።

ሌላው ገጹ ደግሞ ያኔ በእንግሊዞች እጅ የነበረችው የፈረንሳይ ከተማ ሩዋን ናት። እንግሊዞችን የተዋጋችው ፈረንሳያዊት ጃን ዳርክ በ1431 ታስራ ሲፈረድባት የሩዋን ግንብ አዛዥ እሱ ነበር። በእስር ቤት ሲያማት ሐኪም ላከላት። ከሐኪሞቹ አንዱ ከዓመታት በኋላ በሰጠው ቃል፣ ዎሪክ ያላቸው ንጉሡ ይህችን ሴት በውድ ስለገዛት በተፈጥሮ ሞት እንድትሞትበት አይፈልግም ነው። በዚያው ዓመት የቤቱን ቀለብ ወጪ የመዘገበው ደብተር ዛሬም አለ። እንግዶቹ በየቀኑ ተጽፈዋል፣ የፈረደባት ጳጳስ ኮሾንም ከተጋባዦቹ አንዱ ነው። ጨዋ፣ ምስጉን፣ የፈረሰኞች አርአያ እያሉ የሚያሞግሱትን ስታነቢ ይህንን አብረሽ ያዢው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የመጀመሪያ ሚስቱ ኤልሳቤጥ በርክሌይ ለአባቷ ብቸኛ ልጅ ነበረች። ማርጋሬት፣ ኤሌኖርና ኤልሳቤጥ የእሷ ልጆች ናቸው። በ1417 አባቷ ሲሞት የበርክሌይ ግንብ ለወንድሙ ልጅ ይገባል ተባለ፤ ቢቻም በሚስቱ ስም ተከራከረ። ክርክሩ እሱንም፣ ልጆቹንም፣ የልጅ ልጆቹንም ቀብሮ እስከ 1609 ዘለቀ። የማርጋሬት የልጅ ልጅ ቶማስ ታልቦት በ1470 ኒብሊ ግሪን ላይ ከበርክሌዮች ጋር በዚሁ ሰበብ ተዋግቶ ሞቷል፤ እንግሊዝ ምድር ላይ በባላባቶች መካከል የተደረገ የመጨረሻው የግል ጦርነት ነው ይላሉ።

ኤልሳቤጥ በ1422 አረፈች። በዓመቱ ቢቻም ኢዛቤል ዲስፔንሰርን አገባ፤ የአጎቱ ልጅ መበለት ናት። ያ ከላይ ያልኩሽ ሞክሼው፣ የዉስተር ኧርል ሪቻርድ ቢቻም፣ ፈረንሳይ ውስጥ «ሞ» የምትባል ከተማ ከበባ ላይ ሞቶባት ነው። ለዝምድናው የጳጳሱ ፈቃድ አስፈልጓል። ከኢዛቤል ሄንሪ በ1425፣ አን በ1426 ተወለዱ። ሁለቱም ገና በሕፃንነታቸው በአንድ ጊዜ ከኔቪሎች ተዳሩ፤ ሄንሪ ለሲሲሊ ኔቪል፣ አን ለሲሲሊ ወንድም ለትንሹ ሪቻርድ።

በ1437 ቢቻም የፈረንሳይ እንደራሴ ተብሎ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ሲሻገር ማዕበል መታቸው። ለቤተሰቡ ክብር በኋላ የተሣለ የሥዕል መጽሐፍ እንደሚለው ራሱን፣ ሚስቱንና ልጁን ከመርከቡ ምሰሶ ጋር አሳሰረ፤ ሬሳቸው ቢገኝ ከነዓርማው ታውቆ አብረው እንዲቀበሩ። መጽሐፉ ሙገሳ ነውና በልኩ ማመን ነው። ለማንኛውም ተርፈው ደረሱ። እሱ ግን በሚያዝያ 30፣ 1439 ሩዋን ላይ ሞተ። ኢዛቤልም ዓመቱ ሳያልቅ ተከተለችው።

ልጁ ሄንሪ የንጉሡ ወዳጅ ሆኖ በ1445 ዱክ (ከኧርል በላይ ያለ ማዕረግ) ተባለ፤ በ1446 በ21 ዓመቱ ሞተ። አንዲት ሕፃን ልጁም በ1449 ሞተች። እዚህ ላይ ነው የእናቶቹ ነገር የሚመጣው። በእንግሊዝ ሕግ ርስቱ መጨረሻ በእጁ የነበረው ሄንሪ ነው፤ ስለዚህ የሚወርሰው የእሱ የሥጋ ዘመድ ነው እንጂ የአባቱ አይደለም። ሕጉ ደግሞ የአንድ እናትና አባት ልጅ እያለች በአባት ብቻ የምትገናኝን እህት አያስጠጋም። ሦስቱ ታላላቆች ለሄንሪ በአባት ብቻ እህቶቹ ናቸው። ማርጋሬት 45 ዓመቷ ነበር፣ አን 22። ትንሿ የአባቷን ርስት ጠቅልላ ወሰደች፣ ባሏ ሪቻርድ ኔቪልም የዎሪክ ኧርል ሆነ።

እህቶቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም፣ ባሎቻቸውም ትንሽ ሰዎች አልነበሩም። የማርጋሬት ባል ታላቁ የጦር መሪ ጆን ታልቦት ነው። የኤሌኖር ባል ኤድመንድ ቦፎርት፣ የሶመርሴት ዱክ፣ የንጉሡ ቀኝ እጅ ነው። በ1453 ቦፎርት ከኢዛቤል ውርስ ዌልስ ውስጥ ያለውን የግላሞርጋንን ድርሻ ለማስተዳደር ሲሾም ኔቪል አልለቅም ብሎ ጦር አስቀመጠ። በግንቦት 1455 ሴንት ኦልባንስ ላይ ሁለቱ በተቃራኒ ወገን ተሰለፉ፣ ቦፎርት ተገደለ። በዚህ የጀመረው የእንግሊዞች የእርስ በርስ ጦርነት፣ የጽጌረዳዎቹ ጦርነት የሚባለው፣ የዘውድ ጠብ ብቻ ነው የሚልሽ ካለ ይህን የእህትማማች ባሎች ርስት አንሺበት።

ለዚህ ነው ከካስሉ በፊት ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሂጂ የምልሽ፤ ቅርብ ነው፣ በእግር ይደረሳል። ቢቻም ያለው እዚያ በስተደቡብ ባለው ጸሎት ቤት ነው። ከ2,400 ፓውንድ በላይ ፈጅቷል፤ በ1694 ከተማውን የበላው እሳትም አልነካውም። ለመስኮቶቹ በተጻፈው ውል ላይ የእንግሊዝ መስታወት እንዳይገባ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ እንዲሆን ታዟል። ምስሉ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው፤ ሙሉ የጦር ልብስ ለብሶ፣ ዓይኑ ተገልጦ፣ መዳፎቹ ሳይገጥሙ ተነጣጥለው፣ ጣራው ላይ ወዳለችው እመቤታችን ያያል። እግሩ ሥር ድብ አለ፤ ልጆችሽ እንዲያገኙት አድርጊ። ማንም የማያየው ጀርባው ሳይቀር ከነማንገቻውና ከነዘለበቱ ተሠርቷል።

የመቃብሩን ጎን ጎንበስ ብለሽ እዪው። 14 ትንንሽ የአልቃሽ ምስሎች፣ ሰባት ወንድ ሰባት ሴት፣ ሁሉም የቤተሰቡ ሰዎች ናቸው። ታልቦትም፣ ቦፎርትም፣ ንጉሥ አንጋሹም አሉ፤ በ1450ዎቹ፣ በውጭ ሲጋደሉ፣ እዚህ ኀዘንተኛ ተደርገው ተቀረጹ።

የአን መጨረሻ ያሳዝናል። ባሏ በ1471 ባርኔት ላይ ተገደለ፤ ሁለት ሴት ልጆቿን የንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ወንድሞች አገቧቸው። በ1474 ፓርላማው እሷን በሕይወት እያለች እንደ ሞተች ቆጥሮ ርስቷን ለሁለቱ አከፋፈለ። ሄንሪ ሰባተኛ በ1487 ሲመልስላት ያስመለሰላት ለዘውዱ እንድታስተላልፍለት ነው። በ1492 ሞተች።

ጊዜ ካለሽ በሌላ ቀን ቱክስበሪን ጨምሪ፣ ከዎሪክ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኢዛቤል የተቀበረችው እዚያ ነው፣ ከሁለተኛው ባሏ ጋር ሳይሆን ለመጀመሪያው ባሏ ያሠራችው ጸሎት ቤት ባለበት ገዳም። በኑዛዜዋ ምስሏ እርቃኑን፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ ተለቆ እንዲቀረጽ አዛለች፤ እሱ ግን አሁን የለም፣ አትፈልጊው። ከልጆች ጋር ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቀን አልመክርም።